ሹሩባ ስንፈታ የደረሰው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ሳይደውል ከች ያለው የእኔና የልጄ ሹሩባ ስድስት ሳምንት ሞልቶት እየፈታን ሳለን ነበር። የተሠራ ጸጉር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈው ሥሩ አካባቢ እርስ በርሱ መያያዝ ስለሚጀምር፣ ቀኑ ሲደርስ ምንም ቢደክመኝ አላሳድረውም። የእኔ ራስ ገና ግማሹ ነበር የተፈታው፤ በቀኝ በኩል ጉንጉኖቹ ትከሻዬ ላይ ተኝተዋል፣ በግራ በኩል ደግሞ የተፈታው ጸጉር ወደ ላይ ቆሟል። የልጄ ግን ግንባሯ ዳር እንዳይጎተት ላላ ተደርጎ፣ ዊግም ሳይቀጠልበት የተሠራ ስለሆነ ቶሎ አልቆ፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ አሻንጉሊቷን ታበጥር ነበር። (የሕፃን ልጅ ዓይን እስኪጠብብ ድረስ ጸጉሯን የሚወጥር ሠሪ ዘንድ በነጻ እንኳ ቢሆን ልጄን አልወስዳትም።)

የወንድሜ ዓይን ያረፈው ግን በእኛ ላይ ሳይሆን በመካከላችን በተነጠፈው ጨርቅ ላይ በተከመረው ጸጉር ላይ ነበር። ክምሩ የተኛች ድመት ያክላል ብል አላጋነንሁም። ሰላምታውን ሳይጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ውኃ ልጠጣ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ከገባ በኋላም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናታችን በስልክ «ጸጉሯ አልቋል፤ ልጅቷንም ጀምሯታል» ሲል ሰማሁት።

እናቴ ወዲያው ደወለች። «ልጄ፣ እኔን ለምን ደበቅሽኝ? ሐኪሙስ ምን አለሽ?» ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር እንደሚረግፍበት፣ ጸጉሩ ከተጎነጎነ ግን የረገፈው መውጫ አጥቶ እስኪፈታ ድረስ እዚያው እንደሚቆይ አስረዳኋት። ወንድሜ የሒሳብ ባለሙያ ነውና ስልኩን አውጥቶ 42 ቀንን በ50 ከዚያም በ100 አባዛ፤ ለአንድ ራስ ከ2,100 እስከ 4,200 ጸጉር እንደሚደርስ ሲያይ ትንሽ ተረጋጋ። እናቴን ግን ቁጥር አያሳምናትም። «ታዲያ ለምን ትሠሪዋለሽ?» አለችኝ። የራስ ቆዳ ቅባት በተጠቀለለ ጸጉር ላይ ወርዶ እስከ ጫፉ ስለማይደርስ ጫፉ እየደረቀ እንደሚሰበር፣ ሹሩባውም ጫፉን ሰብስቦ የሚጠብቅልኝ መሆኑን እየነገርኋት ሳለ አቋርጣኝ ፎቶ እንድልክላት አዘዘች። ግማሽ ራሴ ቆሞ ግማሹ ተኝቶ የሚታይበትን ፎቶ ላክሁላት። ከዚያ በኋላ አክስቶቼ በየተራ መደወል ጀመሩ።

ወንድሜን ለማረጋጋት የተነሣችው ልጄ ናት። በራሱ ጊዜ የረገፈ ጸጉር ሥሩ ላይ ነጭ ነጥብ የመሰለች ነገር እንዳለችው፣ ተሰብሮ የወጣው ግን እንደሌለው ሳሳያት ስለኖርሁ፣ «አጎቴ፣ ነጯን አየሃት?» እያለች ከክምሩ አንድ በአንድ ታቀብለው ጀመር። እሱም መነጽሩን አውልቆ ወደ ዓይኑ እያስጠጋ፣ ነጭ ያለውን በቀኝ፣ የሌለውን በግራ በጥንቃቄ ይደረድር ያዘ። እኔም የቀረውን ጸጉሬን ፈትቼ፣ ኮንዲሽነር እየቀባሁ ከጫፉ ጀምሬ ወደ ሥሩ በጣቴ ማፍታታቴን ቀጠልሁ።

ጥቂት ቆይቶ በግራ በኩል ያለው እየበዛ መጣ። ወንድሜ ከዚያ አንድ ጭብጥ አንሥቶ፣ «ይህ ሁሉ ተሰብሯል እኮ! ነጭ የሚባል የለውም፤ ደግሞስ እንዴት እንዲህ ቀጥ ብሎ ያብረቀርቃል?» አለና እናታችን ዘንድ ሊደውል ስልኩን አነሣ።

ልጄ ጸጉሩን ከእጁ ነጠቀችው። «እሱ የአሻንጉሊቴ ነው!»