41 ዶላር ይዤ የሰማሁት ምክር

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚህ ሜሪላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚያስተምር ወንድም ተጋብዞ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ አምስት ሳንቲም ሳይከፈለው እሁዱን ሰውቶ ነው የመጣው። እሱን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው። ግን የዚያን ዕለት ሂሳቤ ላይ የነበረው 41 ዶላር ነው፤ ደሞዝ እስኪገባ ደግሞ 5 ቀን ይቀረኛል።

«ደሞዝ እንደገባ ከሁሉ በፊት ለራሳችሁ አስቀምጡ» አለን። የ6 ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ይኑራችሁ፣ 401ኬ የሚባለውን በመሥሪያ ቤት በኩል የሚቆጠብ የጡረታ ገንዘብ ጀምሩ፣ ማኪያቶ ከውጭ አትጠጡ። ከዚያ ወረቀት አደለን። ኪራይ፣ ምግብ፣ መኪና፣ ቁጠባ፣ መዝናኛ የሚሉ ሰንጠረዦች አሉት። ታች ጥግ ላይ ጣት የምታህል ቦታ ተትታ «ሌላ» ተብሎ ተጽፏል። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ የስኳር መድኃኒት፣ የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የለቅሶ መዋጮ፣ ሁሉም እዚያች ጣት በምታህል ቦታ ውስጥ ሊገቡ ነው። እርሳሴን ይዤ ቀረሁ። የእኔ ኑሮ ዋናው ክፍል «ሌላ» የሚባል መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት።

የምሠራው አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። አሮጊቷን አጥቤ፣ አብልቼ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ ወደ ሁለተኛው ቤት እነዳለሁ። ማኪያቶ ከውጭ ከጠጣሁ ስንት ወር ሆነኝ!

ገንዘቤ የሚያልቀው በሌላ መንገድ ነው። ከዚያ ስብሰባ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የመኪና ኢንሹራንሱ ወር በገባ በ12 ከሂሳቤ ተቆረጠና 9 ዶላር ቀረኝ። ደሞዝ በ15 ነው። በ13 ሥራ መሄድ ስላለብኝ የ15 ዶላር ነዳጅ ቀዳሁ፤ ካርዱ እሺ አለ። በ14 የ4 ዶላር ወተት ገዛሁ፤ አሁንም እሺ አለ። ባንኮቹ ለእያንዳንዱ 35 ዶላር ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሂሳብ ላይ ካለው በላይ ለማውጣት የሚከፈል ቅጣት፣ ጣሉብኝ። ዕቃው በድምሩ 19 ዶላር ነው፤ ቅጣቱ 70። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ አለቀስኩ። አገር ቤት መላክም እንደዚሁ ነው፦ 200 ዶላር በአንዴ መላክ ስለማልችል 50፣ 50 እያደረግሁ እልካለሁ፤ የመላኪያውን ሒሳብ ደግሞ አራት ጊዜ እከፍላለሁ።

ይህንን የፈታችልኝ ባለሙያ አይደለችም። የእቁባችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ ነገሩን ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ባንክ ሄደሽ ካርዴ ገንዘብ ከሌለው እምቢ ይበል በያቸው» አሉኝ። እውነት ነው። ከ2010 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ አለ፦ በካርድ ለምናደርገው የአንድ ጊዜ ግዢና ለኤቲኤም፣ እኛ ካልተስማማን በቀር ባንክ ይህን ቅጣት መጣል አይችልም። ሂሳብ ስከፍት ሳላነብ ተስማምቼ ኖሯል። በራሱ የሚቆረጥ ቢልና ቼክ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ እቴቴ «ኢንሹራንሱንም ደውለሽ ቀኑን አስቀይሪ» አሉኝ። ደወልኩ፤ 10 ደቂቃ አልፈጀም፤ ከ12 ወደ 17 ተዛወረ።

እቁባችን 10 ሰው ነን፣ በወር 200 ዶላር። የእኔ ዕጣ 7ኛ ነበር። እናቴ ሆስፒታል ስትገባ 3ኛው የወጣላት ልጅ፣ እሷም በሌሊት ፈረቃ ሆቴል የምታጸዳ፣ «አንቺ ውሰጂው፣ የእኔን በ7ኛው እወስዳለሁ» ብላ ለቀቀችልኝ። 2,000 ዶላር፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ፊርማ። ያንን የገንዘብ አያያዝ ያስተማረንን ወንድማችንን ስለ እቁብ ጠይቀነው «ወለድ ስለማያስገኝ አልመክርም» ብሎን ነበር። በቁጥር ልክ ነው። ግን በዚያች ሌሊት 2,000 ዶላር ማን ያበድረኝ ነበር?

ዘንድሮም ተመልሶ ሊመጣ ነው ሲሉ አስተባባሪዎቹን አነጋገርኩ። ከእሱ በፊት እቴቴ 20 ደቂቃ ይናገሩ፣ ስለ ቅጣቱም ስለ ቀኑም፣ አልኳቸው፤ ተስማሙ። ወንድማችንም ሲሰማ ደስ ብሎት «ወረቀቱን አብረን እናስተካክለው» አለ። እቴቴ መጀመሪያ «እኔ ምን አውቄ» ብለው ነበር። ትናንት ማታ ደውለው የባንኩን ቅጽ ይዤ እንድመጣላቸው አዘዙኝ።