ፕሮዳክት ማኔጀርነትን በተጠባባቂነት አትረከቡ

ከደንበኞች ድጋፍ ክፍል ተነስቼ ፕሮዳክት ማኔጀር (የምርት ሥራ አስኪያጅ) ሆኛለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ እኮራበታለሁም። ወደ ቦታው የገባሁበት መንገድ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜን ያፈላዋል። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ እንቅልፍ ይተርፈኝ ነበር። ስለዚህ ልንገራችሁ።

መዘጋጀቱ ከባድ አልነበረም። የደንበኞችን ቅሬታ በየፈርጁ እየለየሁ ለምርት ቡድኑ አቀርብ ነበር። ከመረጃ ቋት ቁጥር የሚወጣበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ ተማርኩ። ዲዛይነሮቹ ተጠቃሚዎችን ሲያነጋግሩ አብሬ ገባሁ። አንድ ትንሽ ማሻሻያ ከሐሳብ ጀምሮ ተጠቃሚ እጅ እስኪገባ ድረስ ይዤ ዘለቅኩ። ሰርተፊኬት አልወሰድኩም፣ ውሰዱም አልልም። ጠያቂ ፊት የሚያቆማችሁ የሠራችሁት ነገርና ለምን እንደዚያ እንደወሰናችሁ ማስረዳት መቻላችሁ ነው።

ስለ ሥራው ራሱ ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራል። "ፕሮዳክት ማኔጀር የምርቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። አትመኑ። ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፣ በጀት ይመድባል። እኔ አንዱንም አላደርግም። ኢንጂነሮቹ ተጠሪነታቸው ለራሳቸው አለቃ ነው፤ ዲዛይነሮቹም እንዲሁ። የእኔ ድርሻ የትኛው ችግር ቀድሞ ይፈታ፣ ለማን ይፈታ፣ መፈታቱንስ በምን እናውቃለን የሚለውን ወስኖ ሌሎቹን ማሳመን ነው።

ጠዋት ቁጥሮቹን አያለሁ። ከዚያ ስብሰባ በስብሰባ ነው። ሽያጭ ክፍሉ ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ቃል የገባውን ነገር ይዞ ይመጣል። ኢንጂነሮቹ ደግሞ የቆየው ኮድ ሳይስተካከል አዲስ ነገር አንነካም ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለአንዱ "አሁን አይሆንም" የምለው እኔ ነኝ። ምክንያቱን ቁጭ ብሎ ለመጻፍ ጊዜ የሚገኘው ሰው ሁሉ ወጥቶ ጸጥ ሲል ነው። ምርቱ ሲሳካ ምስጋናው የቡድኑ ነው፤ ሲወድቅ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ይህ የሥራው ባሕርይ ነው፣ ተቀብዬዋለሁ። የማልቀበለው ኃላፊነቱ ዛሬ ተሰጥቶ ደረጃውና ደሞዙ "ወደፊት ይታያል" ሲባል ነው።

እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነው። የነበረው ፕሮዳክት ማኔጀር ድንገት ለቀቀ። የክፍሉ ኃላፊ ጠራኝና "ምርቱን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ለጊዜው ያዢልን" አለኝ። እዚያው ስለ ደሞዙ ጠየቅኩት። "በሚቀጥለው የግምገማ ዙር ይስተካከላል፣ አይዞሽ" አለ። በኢሜይልም ጠየቅኩ። ከሰው ኃይል ክፍል የመጣው መልስ "ጉዳዩ ሂደት ላይ ነው" የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ይህችን ዓረፍተ ነገር በየወሩ ስሰማት ከረምኩ።

ሥራው ግን ሂደት አልጠበቀም። ሮድማፑን፣ ማለትም ምርቱ ወደፊት የሚሄድበትን ዕቅድ፣ እንደገና ጻፍኩ። ባክሎጉ (ገና ያልተሠሩ ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ የተከማቸውን ግማሽ ያህሉን ሰረዝኩ። ሲጓተት የቆየውን የክፍያ ገጽ ቡድኑ አስተካክሎ እንዲለቀው አደረግኩ። የድጋፍ ክፍሉም ሥራ ከላዬ አልወረደም፤ ሰው ሲቀር እኔው ነበርኩ የምጠራው።

የግምገማው ዙር ደረሰ። የሰው ኃይል ባለሙያዋ ፋይሌን ከፍታ አየችና ለዕድገት ብቁ እንዳልሆንኩ ነገረችኝ። ደንቡ አንድ ሠራተኛ በአዲሱ ደረጃ ሙሉ የግምገማ ዘመን መሥራት አለበት ይላል። ጊዜው የሚቆጠረው ደግሞ ከምደባ ደብዳቤ ጀምሮ ነው። እኔ ደብዳቤ የለኝም። ስሜ ያለበትን ሮድማፕ፣ የውሳኔ ሰነዶቹን፣ ለመላው ድርጅት የተላከውን የምርት ማስታወቂያ አንድ በአንድ አሳየኋት። "እነዚህ የሥራ ሰነዶች ናቸው እንጂ የምደባ ደብዳቤ አይደሉም" አለች። ደብዳቤውን መጻፍ የነበረበት ማን ነው? እሷ ያለችበት ክፍል። እንዲጻፍልኝስ ስጠይቅ አልነበረም ወይ? መልስ የለም።

በቀጣዩ ዙር ዕድገቱ ጸደቀ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ስከፍት የደሞዙ ጭማሪ የቀድሞ ደሞዜ ላይ የተሰላ ሆኖ አገኘሁት። ለካ የውስጥ ዕድገት የመቶኛ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ድረስ ቢጨመርልኝም የፕሮዳክት ማኔጀር እርከን መነሻ ላይ እንኳ አልደረስኩም። ይህንን ያወቅኩት ከድርጅቱ አይደለም። ያንኑ መደብ ከውጭ ለመቅጠር ማስታወቂያ ሲወጣ የደሞዝ እርከኑ ተጽፎበት ስለነበር ነው። እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ አሁን ብዙ ነው። የአሜሪካ ግዛቶች የሆኑት ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2021፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ቀጣሪዎች እርከኑን እንዲያወጡ በሕግ ያስገድዳሉ። ከእነዚህ ቦታዎች ሰው የሚቀጥሩ ብዙ ድርጅቶች ይጽፉታል። የራሳችሁን ድርጅት ማስታወቂያ ዘወትር አንብቡ።

ማስታወቂያውን ይዤ ሄድኩ። "የገበያ ዋጋና የውስጥ ዕድገት የተለያዩ ነገሮች ናቸው" ተባልኩ። አዲስ ገቢዎቹን ቃለ መጠይቅ ያደረግኳቸው፣ ሥራውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የሚከፈላቸው ግን ከእኔ በላይ ነው። ያ የ"ገበያ ዋጋ" መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የሙያችን መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ሰነድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1931 ኒል ማክኤልሮይ የተባለ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል (የአሜሪካ የሳሙናና የቤት ዕቃ አምራች) ሠራተኛ ለአለቆቹ የጻፈው ማስታወሻ ነው። ተጨማሪ ሰው እንዲቀጠር ለማሳመን ነበር የጻፈው። እያንዳንዱ የምርት ስም ራሱን የቻለ ኃላፊ እንዲኖረው ጠየቀ፤ ያ ኃላፊ ምን ምን እንደሚሠራም ዘርዝሮ አስቀመጠ። ማለትም መደቡ በወረቀት ሰፈረ፣ ከዚያ ሰው ተመደበ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬ የአንድ ገጽ ደብዳቤ መለመን ያሳፍራል።

የብዙ ድርጅቶች መመሪያ "በመጀመሪያ በሚቀጥለው ደረጃ እንደምትሠሩ አሳዩ፣ ዕድገቱ ይከተላል" ይላል። እኔ አልስማማም። በነፃ የሚሠራላቸውን ሥራ ለመክፈል የሚቸኩል የለም። ሥራውን አሳዩ፣ ግን መጨረሻው በቀን ተወስኖ በጽሑፍ ይሁን።

ከዚያ ውጭ ማመልከት ጀመርኩ። ቃለ መጠይቆቹ የታወቁ ናቸው፤ ምርት ማሻሻል፣ ቁጥር መተንተን፣ ከሰው ጋር ስለ መሥራት። ተለማመዱ፣ ይለመዳሉ። ደሞዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቀጣሪዋ አሁን ስንት እንደሚከፈለኝ ጠየቀችኝ። "የዚህ መደብ እርከን ስንት ነው?" ብዬ ጥያቄውን መለስኩላት። ግልጽ ሁኑ፣ ተናገሩ የሚሉ አማካሪዎች አሉ። እኔ አትናገሩ እላለሁ። ያነሰ ደሞዝ ከተናገራችሁ በኋላ ከሥር ከሥራችሁ ይከተላችኋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደሞዝ ግልጽነት መመሪያም አሠሪ ይህን ጥያቄ እንዳይጠይቅ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አዲሱ ቦታ የሲኒየር ፕሮዳክት ማኔጀር ደረጃ ሰጠኝ። መልቀቂያ ሳስገባ የቀድሞው ድርጅት ወዲያው ገንዘብ አገኘ። ጣሪያውም ተነሳ፣ ደንቡም ተለወጠ። አልቆየሁም።

ስትወጡም አንድ ነገር አለ። ደሞዝ ሲያንስ "አክሲዮን አለሽ እኮ" ይሏችኋል። ይህ ስቶክ ኦፕሽን የሚባለው፣ የድርጅቱን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት፣ ብዙውን ጊዜ በ4 ዓመት ነው ተከፋፍሎ የእናንተ የሚሆነው፤ 1 ዓመት ሳይሞላችሁ ከለቀቃችሁ ምንም የለም። የእናንተ የሆነውንም በተወሰነው ዋጋ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ነው የምትገዙት። ከለቀቃችሁ በኋላ ያላችሁ ጊዜ በብዙ ውሎች 90 ቀን ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህን አልነገረኝም፤ ውሉን ራሴ አንብቤ ደረስኩበት። የድርጅቱን ጠቅላላ የአክሲዮን ብዛትና መግዣ ዋጋውን ካልነገሯችሁ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደሞዛችሁን በእሱ አትለውጡ።

አሁን ቡድን እመራለሁ። ሰው ለጊዜው ቦታ እንዲይዝ ስጠየቅ ደብዳቤውን ራሴ አርቅቄ እልካለሁ። የሚጀምርበት ቀን፣ የተጠባባቂነት አበሉ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ በዚያ ቀን ካልጸደቀ ወደ ቀድሞ ሥራው እንደሚመለስ፣ ከጸደቀ ደግሞ ደሞዙ ከእርከኑ መነሻ እንደማያንስ ይጻፍበታል። የሰው ኃይል ክፍሉ "ይህ ነገር ያጓትታል" ይለኛል። ያጓትታል፣ እውነት ነው። እስኪፈረም ድረስ ሥራውን እኔው እይዘዋለሁ።