ባሌ ተራሮች ላይ እሳት ያነደዱ ሰዎች

ጎባ ነኝ፣ መሽቷል። ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የምጽፈው። ጣቶቼ ገና አልሞቁም።

ዛሬ ሳነቴ ወጣን፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ሜዳ ላይ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ ከመኪና ወርጄ ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ትንፋሽ አጠረኝ። ራሴን ፈለጠኝ። "እዚህስ ሰው አይኖርም" አልኩ። ግን እኮ ኖሯል! ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ ያልወጣው ይኸው ነው።

እዚሁ ባሌ ተራሮች ውስጥ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፍንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ያኔ ከፍታው ላይ የበረዶ ግግር ነበር። እነሱ ግን ከግግሩ የሚቀልጠውን ውሃ እየጠጡ፣ እሳት አንድደው ከረሙ።

ምን በልተው? ፍልፈል። የባሌው ትልቁ ፍልፈል፣ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው። ዛሬ አንዱን በቅርብ አየሁት። መጀመሪያ አፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጥርሱ፣ ከዚያ አፈር የለበሰ ጉንጩ ብቅ አለ። ከወገቡ በላይ ብቻ ወጥቶ ሣሩን ነጨት ነጨት አደረገና ተመልሶ ገባ። አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋሻው ውስጥ የተቃጠለ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል፤ ጠብሰው ነበር የሚበሉት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ባልጩቱ ነው። ባልጩት የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ፣ የሙሴ ሚስት ሲፓራ ልጇን የገረዘችበት ታሪክ ሲነበብ ነው። ድንጋይ እንዴት ሥጋ ይቆርጣል ብዬ ዘገነነኝ። ለካ ባልጩት እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ዓለት ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጥቁር መስታወት ነው፤ ሲሰበር እንደ ምላጭ ይሳላል። ፍንጫ ሀበራዎች እሱን ፍለጋ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጡ ነበር፣ ግግሩ አጠገብ ድረስ። በእግር። እኔ ሃያ እርምጃ ያቃተኝ ከፍታ ላይ።

ባሌ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓርክ ነው፤ በ2023 ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ስሙ ሲነሳ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ይነሳሉ፣ ይገባቸዋልም። እነዚያ ሰዎችም አብረው ቢነሱ ደስ ይለኛል። ቦታውን ከማናችንም በፊት ያወቁት እነሱ ናቸው፦ ውሃው የት እንዳለ፣ ፍልፈሉ በየት እንደሚወጣ፣ ጥሩ ባልጩት ከየትኛው ጋራ እንደሚገኝ።

ነገ ስንመለስ ሹፌራችን ሜዳው ላይ ትንሽ እንዲያቆምልኝ እለምነዋለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ነፋሱን ብቻ መስማት እፈልጋለሁ።