ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ነቀነቅኩ

ዲግሪዬን እንደያዝኩ ሥራ አልፈለግኩም። ለአንድ ዓመት ታልሙድን፣ የአይሁድ ሊቃውንት በኦሪት ሕግ የተከራከሩበትን መጽሐፍ፣ ላጠና ኢየሩሳሌም፣ ቤተ ሚድራሽ የሚባል የአይሁድ መማሪያ ቤት ገባሁ። አያቴ የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው፤ ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታልሙድን ግን ቤተ እስራኤሎች ኢትዮጵያ ሳሉ አያውቁትም ነበር። እኔ የየትኛው ነኝ? ኑሮ ሳይወጥረኝ ይህን ማሰብ ፈለግኩ። ምዝገባው ቀላል ነበር። ኪራዩን ማታ ማታ ካፌ እየሠራሁ ቻልኩት።

ያበላሸሁት ሐቭሩታው ላይ ነው። ሁለት ሰው አንድ ገጽ ላይ ጮክ ብሎ እያነበበ የሚከራከርበት አጠናን ነው። አስተባባሪዋ «ከአንቺ የበረታች ያዢ፣ ትጎትትሻለች» አለችኝ። ይህን ምክር እስከ ዛሬ ይቅር አልልም። ጓደኛዬ የታልሙዱን ቋንቋ፣ አራማይኩን፣ ታንበለብለዋለች። እኔ በገጹ ጠርዝ ያለውን የታልሙድ ተርጓሚውን የራሺን ማብራሪያ ፊደል በፊደል ስለቅም እሷ ትገልጣለች። «ገባሽ?» «አዎ።» አልገባኝም። ሐበሻዋ አልገባትም እንዳይባል ፈራሁ። ሁለት ወር!

ከዚያ ባቫ ሜፂያ የሚባለው የታልሙድ ክፍል፣ 84 ላይ ደረስን። ሊቁ ሬሽ ላኪሽ ሞተ፤ የጥናት ጓደኛው ራቢ ዮሐናን በሐዘን ተሰበረ። የሚያጽናና ሌላ ሊቅ ላኩለት። የተላከው ሊቅ ግን ራቢ ዮሐናን የተናገረውን ሁሉ «ልክ ነህ፣ ማስረጃም አለህ» ይለዋል። ራቢ ዮሐናን መረረው። ሬሽ ላኪሽ 24 ጥያቄ ያነሳብኝ ነበር፣ 24 መልስ እሰጠው ነበር፣ ትምህርቱም እንዲያ ይሰፋ ነበር አለ። ፊቴ ጋለ። የዚያችን ልጅ ሁለት ወር የበላሁት እኔ ነኝ። ነገርኳት። «እኔም ብቻዬን የማጠና ይመስለኝ ነበር» አለች።

አስተባባሪዋ አጉረመረመች፣ እኔ ግን ቀየርኩ። እንደ እኔ ቀርፋፋ የሆነች ያዝኩ። ግማሽ ገጽ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ከዓመቱ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። የምትገቡ ካላችሁ፣ «አልገባኝም» ስትሉ የማታፍሩበትን ሰው ያዙ። ጉብዝናው ይቆይ።

ያ ግማሽ ገጽ ስለጠፋ ዕቃ ነው። ሰው መንገድ ላይ የተበተነ ገንዘብ ቢያገኝ የራሱ ነው ይላል፤ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጧልና። ለአያቴ ደውዬ አነበብኩላቸው። የወንድምህን በሬ ጠፍቶ ብታይ መልስለት የሚለውን የኦሪት ቃል በግዕዝ በቃላቸው ወጡት። ከዚያ ዝም አሉ።

«ቆይ ልጄ፣ ባለቤቱ መጥፋቱን ገና ካላወቀስ? በምን ተስፋ ይቆርጣል?»

የታልሙዱ ሊቃውንት አባዬና ራቫ የተከራከሩት በዚሁ ነበር። አያቴ አንድ ገጽ ታልሙድ ገልጠው አያውቁም።