ሁለቱ መድፎች

አስጎብኚ ነኝ። ከአዲስ አበባ ሰው ይዤ ሞምባሳ እመላለሳለሁ። እዚያ ከተደረሰ ፎርት ጂሰስ አይቀርም። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩት፣ የኮራል ድንጋይ ግንብ ያለው ምሽግ ነው። ግቢው ውስጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ ሁለት መድፎች አሉ። አንዱ የጀርመኗ መርከብ የኮኒግስበርግ ነው፤ ሌላው የእንግሊዟ የፔጋሰስ።

አንድ ጊዜ ከያዝኳቸው እንግዶች መሃል በድሮው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ያገለገሉ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ባሕሩ እየጠቆምኩ "ሁለቱ መርከቦች የተዋጉት እዚህ፣ ምሽጉ ፊት ለፊት ነው" አልኩ። ይህን ስል ዓመታት አልፈዋል። ከሌላ አስጎብኚ ሰምቼ ነው እንጂ አንብቤ አልነበረም።

ጋሼ ውሃውን ትክ ብለው አዩና "ልጄ፣ ፔጋሰስ ስትመታ እየሄደች ነው ወይስ ቆማ?" አሉኝ። "መርከብ ተመታች ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።"

መልስ አልነበረኝም። በጣም አፈርኩ።

ማታ ሆቴል ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። ውጊያው ለካ ሞምባሳ ላይ አይደለም። ዛንዚባር ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 1914፣ ንጋት ላይ። ፔጋሰስ ለጥገና መልህቋን ጥላ ቆማ ነበር። ኮኒግስበርግ ከሩቅ ደበደበቻት። የፔጋሰስ መድፎች እዚያ ድረስ አይመቱም። ከሞቱት መርከበኞች ብዙዎቹ ከዛንዚባር ከተማ ትይዩ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ተቀበሩ።

ኮኒግስበርግም ዓመት አልሞላትም። ሩፊጂ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ተደብቃ ሳለ እንግሊዞች ከበቧት፤ ጁላይ 11 ቀን 1915 አለቀላት። ጀርመኖች ግን አሥር መድፎቿን ከውሃ አውጥተው፣ ጎማ ገጥመው የብስ ላይ ተዋጉባቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። መድፍ በራሱ አይሄድም። በዚያ ጫካና ረግረግ የጎተቱት አፍሪካውያን ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት በረሃብና በበሽታ ያለቁት ተሸካሚዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። እኔ በዚያ ግቢ ስመላለስ ስለነሱ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ጠዋት ቁርስ ላይ "ትናንት የነገርኳችሁ ስህተት ነው፣ ይቅርታ" ብዬ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። አንዳንዱ ምንም አልመሰለው። ጋሼ ግን ሻያቸውን አስቀምጠው "እንመለስ" አሉ። ቀኑ ለባሕር ዳርቻ የተያዘ ነበር። ሆኖም ሰባት ሰዎች ተከተሉን።

ጋሼ የኮኒግስበርግ መድፍ አጠገብ ቆመው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። ፀሐይ አግሎታል። እጃቸውን ግን አላነሱም።

"የጎተቱት ሰዎች ስም የተጻፈበት ቦታ አለ?" አሉኝ።

"እዚህ አላየሁም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ።