ስልኩን ወደ ግራ ጆሮዋ ስታዞረው

ዛሬ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣን ስልኳ ጠራ። ቀኝ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፣ ትንሽ ቆየችና ወደ ግራ አዞረችው። «ምነው እትዬ?» አልኳት። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይሄኛው ድፍን ብሏል፣ ብርድ ነው ብዬ ዘይት ጠብ አደረግሁበት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የኮቪድ ክትባት ከወሰድኩ ሳምንቴ ነው፣ እሱ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

ቡናውን ትተን ሐኪም ጋ ሄድን። ጆሮዋ ውስጥ ኩክ የለም። ሐኪሙ ሹካ የምትመስል ብረት ጉልበቱ ላይ መታ አደረገና እየነዘረች ግንባሯ መሃል አቆማት። «በየት በኩል ይሰማዎታል?» «በግራ።» ዝም አለ። ድምፁ ወደ ደህናው ጆሮ ከሄደ፣ የታመመው የውስጥ ጆሮው ወይም ነርቩ ሊሆን ይችላል።

ክትባቱ ነው ወይ ስንለው አላድበሰበሰብንም። ከክትባት በኋላ እንዲህ ያለ ድንገተኛ የመስማት ችግር የደረሰባቸው ሰዎች ሪፖርት ተደርጓል፣ ጥናቶቹ ግን አይስማሙም፤ ሳይከተቡም በድንገት የሚደነቁሩ አሉ፣ የብዙዎቹ ምክንያት አይታወቅም። የተከተበችበትን ቀን ጠይቆ ጻፈ። መድኃኒቱ፣ ስቴሮይድ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ ተስፋ ያለው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በዘይት ያለፉት ሁለት ቀናት ናቸው። ጆሮ በድንገት ሲደፈን ማን ቸኩሎ ሐኪም ጋ ይሄዳል? አሁን ደውዬላት ነበር። አሁንም በግራዋ ነው ያነሳችው።