እርጥቡን ከደረቁ መለየት

የከተማ ቆሻሻ ነገር በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ፕላስቲክ ይሄዳል። ፕላስቲክ አያሳስብም አልልም። ግን ከወጥ ቤት የሚወጣው እርጥብ ቆሻሻ ለብቻው ካልወጣ የሌላው ልፋት ግማሹ ከንቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ንጹሕ ካርቶን ከልጣጭና ከትርፍራፊ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ካደረ ውሃና ቅባት ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ወረቀት ለማድረግ የሚፈልገው የለም። እርጥቡ ከተለየ ግን የቀረው ደረቅ ነው፤ አይሸትም፣ ዝንብ አይጠራም፣ ሳይቸኩሉ ሊመድቡት ይቻላል።

ተለይቶ ሳይወጣ የቆሻሻ መጣያ ቦታ የደረሰ ልጣጭ ከክምሩ ሥር ተቀብሮ አየር ያጣል። አየር በሌለበት የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ሚቴን ያመነጫሉ። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ 80 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። ያው ልጣጭ አየር እያገኘ ቢበሰብስ የሚሰጠው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ነው፤ የተረፈው ብስባሽ (ኮምፖስት) ሆኖ ለአፈር ይሆናል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትርፍራፊን በቀጥታ መቅበር ከለከለች፤ በ2013 ደግሞ ሰው በጣለው መጠን ልክ የሚከፍልበትን ሥርዓት ዘረጋች። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት ከተማም ቢሆን ልጣጭን ቤት ውስጥ ብስባሽ የማድረጉን ሥራ ከባልዲ መጀመር ይቻላል።

ከብስባሹ በፊት ግን የሚቀድም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ 60 በመቶው የተጣለው ከየቤቱ ነው። ሊበላ ይችል የነበረን ምግብ ብስባሽ አደረግሁት ብሎ መጽናናት አይገባም፤ ያበቀለው ውሃና ያጓጓዘው ነዳጅ አይመለስም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ሊበላ ይችል የነበረውን በአንድ ዕቃ፣ ልጣጭና ግንዱን በሌላ እያደረጉ መመዘን፣ ከክብደቱ ጎን ምክንያቱንም መጻፍ ይበጃል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ምክንያቱ ነው። «ተረስቶ» የሚለው ከበዛ መፍትሔው ማቀዝቀዣው ውስጥ የቆየውን ከፊት፣ አዲሱን ከኋላ ማድረግ ነው። «በዝቶ በስሎ» ከሆነ ጥሬውን ለክቶ ድስት ውስጥ መክተት ነው።

ለዕቃው ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ወጥ ቤት ውስጥ 5 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ውጭ ደግሞ 60 ሊትር ገደማ የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች ይበቃሉ። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይቆያል፤ በአንድ ብቻ ከተሠራ ሁልጊዜ ትኩስ ልጣጭ ይጨመርበታልና ብስባሹ አይደርስም። ጎኑ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ፣ ታቹም ቢያንስ አሥር ቦታ ይበሳል። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ ከሰፋ አይጥ ይገባል። በርሜሉ በጡብ ከፍ ብሎ ከሥሩ ትሪ ይቀመጥለት። መጀመሪያ የሚገባው ጣት የሚያህል ጭራሮ ነው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ እሱ ከሌለ ታቹ ረግቶ ይሸታል።

ብዙው ሰው የሚሰናከለው ደረቁ ነገር ላይ ነው። ልጣጭ በየቀኑ ይመጣል፤ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ ሰጋቱራና የተቀደደ ካርቶን ግን ካልተጠራቀመ አይገኝም። እኔ የምመክረው አንድ ትልቅ ጆንያ ደረቅ ነገር ሳይሞላ የመጀመሪያውን ልጣጭ አለመጨመር ነው። ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ይገባል። ምክንያቱም የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ፤ የአትክልት ልጣጭ ያለው ከ15 እስከ 20 ገደማ ብቻ ነው። ሰጋቱራ በተቃራኒው ብዙ መቶ እጥፍ ካርቦን ስላለው በትንሽ በትንሹ ይበተናል፤ ከበዛ ሥራው ለወራት ይቆማል። ከቺፑድና ቀለም ከተቀባ እንጨት የወጣ ሰጋቱራ ጨርሶ አይገባም።

ልጣጩ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ ይጨመር፤ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር ይልበስ። ትንንሾቹ የፍራፍሬ ዝንቦች የሚፈሉት ይህ ልብስ ሲሳሳ ነው። በሳምንት አንዴ ከሥር ወደ ላይ ማገላበጥ ነው። እርጥበቱን ለማወቅ እፍኝ ጨብጦ መጭመቅ፤ በጣት መሃል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቅ ካለ ልኩ ነው። ከፈሰሰ ካርቶን ይጨመራል፣ ከተፈረፈረ ውሃ ይረጫል። ጉንዳን ሲሰፍርበትም ደርቋል ማለት ነው።

አፍንጫ እዚህ ላይ ከማንኛውም መለኪያ ይበልጣል። እንደ ቆየ ሽንት የሚወጋ ሽታ አሞኒያ ነው፤ ልጣጩ በዝቷል፣ ደረቅ ነገር ይጨመር። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ግን አየር ማጣት ነው፤ ለእሱ ደረቅ ነገር ከላይ መበተን ብቻ አይረዳም፣ ሁሉንም አውጥቶ ከጭራሮ ጋር ደባልቆ መመለስ ያስፈልጋል።

ሥጋ፣ ዘይት፣ ወተትና የወተት ውጤት አይገቡም፤ ይሸታሉ፣ አይጥ ይጠራሉ። የታመመ ተክልና ዘር የቋጠረ አረምም እንዲሁ። 60 ሊትር በርሜል ሙቀቱን አምቆ መያዝ ስለማይችል የአረሙን ዘር አይገድለውም፤ ለዚያ 1 ሜትር ኩብ ያህል ክምርና ለቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ የሚዘልቅ ሙቀት ያስፈልጋል። «ይበሰብሳል» ተብሎ የተጻፈባቸው ብዙዎቹ ፌስታሎችም የተሠሩት ለእንዲህ ያለ ሙቀት ነው፤ በበርሜል ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ። ፍራፍሬ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ምልክትም ይነሳ፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ያሉ ሰዎች ተባብረው 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ሣጥን ቢሠሩ ይህን ሙቀት ያገኙታል፤ ብቻ ደረቁን የሚያጠራቅምና የሚያገላብጥ ሰው በስም መመደብ አለበት። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ ሣጥን በወሩ ይሸታል፣ ጎረቤትም ይቃወማል፤ ደግሞም እውነት አለው።

በርሜሉ ከሞላ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። መድረሱን ለማወቅ እፍኙን በፌስታል አጥብቆ አስሮ 3 ቀን ማቆየት፤ ሲፈታ የአፈር ሽታ ካለው ደርሷል፣ ከከረፋ ገና ነው። ያልደረሰ ብስባሽ ሥር ያቃጥላል፣ የተክሉንም ናይትሮጅን ይሻማል። የደረሰው በ1 ሳንቲ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ለሳክሲያ አንድ እጅ ብስባሽ ለሦስት እጅ አፈር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጨው ይበዛል፣ ብስባሹም መበስበሱን ስለማያቆም አፈሩ እየሟሸሸ ይወርዳል። ወንፊት ላይ የቀረው ሸካራው ወደ ባዶው በርሜል ይመለሳል፤ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳት በላዩ ስላሉ ቀጣዩ ዙር ቶሎ ይጀምራል።